የዱባ ዘር ለማዳቀል ወላጅ ተክሎችን ስለ መምረጥ
(በአሶሳና በአካባቢው ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ)

መግቢያ

ዱባ በአሶሳና በአካባቢው በየጓሮው የሚገኝ ተክል ነው። የግንቦት ዝናብ ሲደላደል ከቤት ጀርባ፣ ከአጥር ሥር፣ እንዲሁም በበቆሎና በማሽላ ማሳ ውስጥ ይተከላል። ብዙ ድካም ሳይጠይቅ ሐረጉ ይዘረጋል። ለጋ ጫፉና ቅጠሉ በአንዳንድ ቤቶች ተቀቅሎ ይበላል፤ ሥጋው ለወጥና ለቅቅል ይሆናል፤ የውስጥ ፍሬው ተቆልቶ ይቆረጠማል። መኸር ሳይደርስ እሸቱ፣ መኸር ከገባ በኋላም ቆጥ ላይ የተቀመጠው ዱባ ለቤተሰቡ ድጋፍ ስለሚሰጥ እንደ ተራ የጓሮ ተክል ብቻ ሊታይ አይገባም።

ገበሬዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከሁሉ የበለጠውን ዱባ መርጠን ዘሩን ተከልን፤ ታዲያ ልጁ እናቱን ያልመሰለው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ የተረዳ ገበሬ የዱባን ዘር ለማሻሻል የሚያስፈልገውን ዕውቀት በአብዛኛው አገኘ ማለት ይቻላል። ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችም ክር፣ ጥቂት ጨርቅ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለማዳቀል የሚሆኑ እናትና አባት ተክሎች እንዴት እንደሚመረጡና ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን ማስረዳት ነው።

ከራሳችን ስሕተት እንነሣ

በሥራችን የመጀመሪያ ዓመታት ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ አንድ የሠፈራ መንደር ውስጥ አንድ ገበሬ 30 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዱባ አሳየን። የገበሬው እናት በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ከመጡት ሠፋሪዎች አንዷ ነበሩ። እሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲተክሉ የኖሩትን ዱባ ዘር ያገኙት ከበርታ ጎረቤታቸው ነው። ይህ ዱባ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሥጋው ደረቅና ጣፋጭ፣ ቆጥ ላይም እስከ ሚያዝያ የሚቆይ ነበር። ትልቁ ዱባ ግን ልጃቸው ከሌላ ቦታ ካመጣው ዘር የበቀለ ነበር። እኛም በመጠኑ ተደንቀን «ዘሩን በሙሉ አስቀምጥ፤ ለጎረቤትም አካፍል» አልነው።

በተከታዩ ዓመት ከዚያ ዘር የበቀለው ዱባ አንዱ ረዥም፣ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ብጫ ሆኖ ተገኘ። ከመካከሉ 30 ኪሎ የደረሰ አንድም አልነበረም። ሥጋው ሲቀቀል ውሃ ውሃ አለ፤ ቆጥ ላይ የተቀመጠውም ታኅሣሥን ሳያልፍ በሰበሰ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በዚያው ጓሮ ከነበረው ከቀድሞው ዱባ የተወሰደው ዘርም በሦስተኛው ዓመት ሲተከል ተደበላልቆ በቀለ። እናቲቱ ጉዳዩን ሲያስረዱን «ልጆቼ፣ እናንተ ትልቅነቱን አያችሁ እንጂ መች ቆርሳችሁ ቀመሳችሁት?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

የተሳሳትነው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ የተመለከትነው ፍሬውን እንጂ ተክሉንና የበቀለበትን ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ፣ እናቱን አይተን አባቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ሦስተኛ፣ ትልቅነትን ብቻ እንደ መልካም ጠባይ ቆጠርን። ከዚህ በታች የምንገልጸው ምክር በሙሉ እነዚህን ሦስት ስሕተቶች ለማስወገድ የሚረዳ ነው።

ግዙፍ ዱባ አብቃዮች ያስተማሩት

በሌሎች አገሮች ግዙፍ ዱባ ለውድድር የሚያበቅሉ ገበሬዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዊልያም ዋርኖክ የተባለ ካናዳዊ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ዱባ 183 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ይህን ክብደት የሚበልጥ ዱባ ሳይገኝ እስከ 1976 ድረስ ከ70 ዓመት በላይ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሃዋርድ ዲል የተባለ የኖቫ ስኮሺያ ገበሬ ለብዙ ዓመታት ወላጆችን እየመረጠ ባሻሻለው ዘር እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ውድድር አሸነፈ። «አትላንቲክ ጃይንት» የተባለው የእሱ ዘር በየአገሩ ከተሠራጨ በኋላ ክብደቱ በፍጥነት ጨመረ። በ1996 ከ480 ኪሎ ግራም አለፈ፤ በ2012 911 ኪሎ ግራም ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ 1,247 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዱባ ተመዘገበ።

ለዚህ ዕድገት ማዳበሪያው፣ ውሃውና እንክብካቤው ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከሌላው ገበሬ የሚለዩበት አንድ ልማድ አላቸው። ይኸውም አበባውን በእጃቸው ማዳቀላቸውና የእያንዳንዱን ዘር እናትና አባት ጽፈው መያዛቸው ነው። አንድ ዘር ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ እናቱ ስንት ኪሎ እንደመዘነች፣ አባቱም ከየትኛው ዘር እንደበቀለ አብሮ ይነገራል። አባቱ ያልታወቀ ዘር በእነርሱ ዘንድ ያለው ዋጋ አነስተኛ ነው።

ከእነርሱ መወሰድ ያለበት ይህ የአሠራር ልማድ ነው። ዱባው ራሱ ግን ለእኛ ጓሮ ብዙም አይጠቅምም። የውድድር ዱባ ለክብደት ብቻ የተመረጠ በመሆኑ ሥጋው ውሃማና ጭረት የበዛበት ነው፤ ለመብል አይመረጥም። አንድ ተክል አንድ ፍሬ ብቻ እንዲይዝ ይደረጋል። እንዲህ ያለ ዱባ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ቤተሰቡ በልቶ ሳይጨርሰው ይበላሻል፤ ወደ ገበያ ለመውሰድም አይመችም።

ዱባ ሁሉ አንድ ዘር አይደለም

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል። አባባሉ በእርሻ ትምህርትም ትክክል ነው። ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ሲሆን ቅል ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ጎን ለጎን ቢተከሉም አይዳቀሉም። ስለዚህ ዱባው ጣዕሙን ሲለውጥ በአጥር ላይ ያለውን ቅል መውቀስ አይገባም።

በራሱ በዱባ ውስጥም የተለያዩ ዝርያዎች ስላሉ ከማዳቀል በፊት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው መለያ ፍሬው ከሐረጉ ጋር የተያያዘበት ዘንግ ነው።

1. ኩኩርቢታ ማክሲማ፦ ዘንጉ ድቡልቡልና ወፍራም፣ ሲበስል እንደ ቡሽ የሚለሰልስ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ክብ ነው። ግዙፎቹ ዱባዎች በሙሉ የዚህ ዝርያ ናቸው።

2. ኩኩርቢታ ሞስካታ፦ ዘንጉ ጠንካራና ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖ ፍሬውን በሚነካበት ቦታ ይሰፋል። በቅጠሉ ላይ ብዙ ጊዜ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። ሙቀትን በደንብ ይቋቋማል።

3. ኩኩርቢታ ፔፖ፦ ዘንጉ ጠንካራና ማዕዘናማ ሆኖ ፍሬውን በሚነካበት ቦታ ብዙም አይሰፋም። ቅጠሉና አገዳው ሻካራ እሾህ መሰል ፀጉር አለው።

በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ዱባዎች መልካቸው የቱንም ያህል ቢለያይ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ለማዳቀል ሲሞከር ግን ፍሬው ይረግፋል፤ ቢይዝም ውስጡ ባዶ ወይም የማይበቅል ዘር ይሆናል። አልፎ አልፎ ቢሳካም የገበሬ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የእናቲቱና የአባቱ ዘንግ ተመሳሳይ መሆኑን ሳያረጋግጡ ድካም ማባከን አይገባም።

ንብ ያመጣችው አባት

ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ በአንድ ተክል ላይ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ረዥም ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ አጭር ዘንግ ያላት ስትሆን ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የምትመስል እምቡጥ ፍሬ ትታያለች። በመጀመሪያ ወንዴዎቹ ብቻ ይፈነዳሉ፤ ሴቴዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይከተላሉ። አንዳንድ ገበሬዎች የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ መርገፋቸውን አይተው ተክሉ መካን ነው ብለው ይነቅሉታል። ይህ ስሕተት ነው።

አበባው ጎሕ ሲቀድ ይፈነዳል፤ ከቀትር በፊትም ይከደናል። ሴቴዋ የምትቀበለው በዚያ አንድ ጧት ብቻ ነው። ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። የሚያመላልሱት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በየዛፉ ላይ ቀፎ መስቀል የተለመደ በመሆኑ ንብ በብዛት አለ። ይህ ለምርት መልካም ነው፤ ያለ ንብ ዱባ የለም። ነገር ግን ንብ አንዱን ጓሮ ከሌላው አትለይም። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትቀስማለች። ስለሆነም በጓሯችን ያለችው እናት ዱባ የያዘችው ዘር አባቱ ከጎረቤት፣ ምናልባትም ከወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። እናት ተክል ከማንኛውም አባት ብትዳቀል በዚያ ዓመት የሚታየው ፍሬ መልኩም፣ መጠኑም፣ ጣዕሙም የእናቲቱ ነው። የአባቱ ጠባይ ያለው በፍሬው ውስጥ በተቀመጠው ዘር ብቻ ነው። የሚገለጠውም ዘሩ ተተክሎ ሲያፈራ፣ ማለትም በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከላይ የጠቀስነው ገበሬ ቀድሞ የነበረው ዘር የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ዓመት የታዩት የቀድሞ ዱባዎች በመልካቸው ምንም አልተለወጡም ነበር፤ ዘራቸው ግን ተዳቅሎ ነበር።

ዘሩ ነው ወይስ ፍጉ?

አንድ ዱባ ከሌሎቹ በልጦ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የበለጠው በዘሩ ነው ወይስ በቦታው?» የሚል መሆን አለበት። የአሶሳ አካባቢ ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ ፍግ ያገኘ ተክልና ያላገኘ ተክል እጅግ ይለያያሉ። በድሮ በረት ላይ፣ በአመድ መድፊያ ወይም በቆሻሻ ጉድጓድ አጠገብ የበቀለ ዱባ ዘሩ ተራ ቢሆንም ይገዝፋል። ያ ግዝፈት ግን ለልጁ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ጥያቄ በተክሉ ላይ ስንት ፍሬ ነበረ የሚለው ነው። አንድ ፍሬ ብቻ የያዘ ተክል ምግቡን ሁሉ ለእርሱ ስለሚሰጥ ፍሬው ትልቅ ይሆናል። ለምሳሌ አንዱ ተክል 15 ኪሎ የሚመዝን አንድ ዱባ፣ ሌላው ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ዱባዎች ቢሰጡ፣ በዓይን የሚማርከው የመጀመሪያው ነው። በምርት የሚበልጠው ግን 24 ኪሎ የሰጠው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ለምርጫ የሚወዳደሩ ተክሎች በአንድ ዓይነት መሬት ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ርቀትና በእኩል ፍግ መተከል አለባቸው። ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ተክሎች በ2 ሜትር ርቀት ቢተከሉ ከ60 እስከ 80 ካሬ ሜትር መሬት ይበቃል። እያንዳንዱ ተክል ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩም በሽመል እንጨት ላይ ተጽፎ ከሥሩ አጠገብ ይተከል። ከጠርዝ ያሉት ሰፊ ቦታ ስለሚያገኙ ከመካከለኞቹ ጋር ሲወዳደሩ ይህ ግምት ውስጥ ይግባ።

እናት ተክል ሲመረጥ

እናት የምትሆነው ተክል የአካባቢውን ጠባይ የተላመደች፣ በቤት ውስጥም የተወደደች ብትሆን ይመረጣል። ዋና ዋና መመዘኛዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ጤንነት፦ ቅጠሏ በአመድ መሰል ሻጋታ ቶሎ ያልተሸፈነ ይሁን። ቅጠሉ የተዥጎረጎረና የተጨማደደ፣ ፍሬውም የጎረበጠ ተክል የቫይረስ በሽታ ስላለበት የቱንም ያህል ቢያፈራ መመረጥ የለበትም። አንዳንዱ ቫይረስ በዘር ሊተላለፍ ይችላል።

ለ) ምርት፦ የአንዱ ፍሬ ክብደት ሳይሆን የተክሉ ጠቅላላ ክብደት ይታይ። ለአንድ ቤተሰብ ከ4 እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን ፍሬ ለአያያዝም፣ ለገበያም፣ ለአንድ ቀን ምግብም ይመቻል።

ሐ) ሥጋ፦ ወፍራም፣ ደረቅና ደማቅ ቀለም ያለው፣ ባዶ ሆዱ ጠባብ የሆነ ይሁን። ደረቅነቱን ለማወቅ ከእያንዳንዱ ዱባ 100 ግራም ሥጋ ቀጭን ተደርጎ ተከትፎ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በፀሐይ ይደርቃል። ከአንዱ 8 ግራም፣ ከሌላው 15 ግራም ቢቀር ሁለተኛው ከሞላ ጎደል በእጥፍ የሚሻል ምግብ ይዟል ማለት ነው።

መ) ቆይታ፦ ከእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሁለት ፍሬ ከነዘንጋቸው ተቆርጠው ቆጥ ላይ ይቀመጡ። የተቆረጡበት ቀን ይጻፍ፤ በየ15 ቀኑም ይታዩ።

ሠ) ጣዕም፦ ይህን መወሰን ያለባቸው የሚያበስሉት እናቶች ናቸው። የትኛው ዱባ ወጥ ውስጥ እንደሚፈርስ፣ የትኛው ብዙ ማገዶ እንደሚፈልግ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መራራ ሆኖ የተገኘ ዱባ ግን መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው መበላት የለበትም፤ ዘሩም ፈጽሞ አይቀመጥ።

አባት ተክል ሲመረጥ

አባት ሲመረጥ የእናቲቱን ጉድለት የሚሞላ መሆን አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸውን ማዳቀል ጉድለቱን ያጸናዋል። ለምሳሌ እናቲቱ ጣፋጭና ቆይታ ያላት ሆና ፍሬዋ ከ2 ኪሎ የማያልፍ ከሆነ፣ አባቱ ትልቅ ፍሬ ያለውና በሽታ የሚቋቋም ቢሆን ይጠቅማል። የአባቱም ሥጋ በጣም ውሃማ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የፍሬ መጠን በአንድ ዘረ-መል ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ብዙዎች ተባብረው ይወስኑታል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ትውልድ መጠን በሁለቱ ወላጆች መካከል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ትንሹ ያዘነብላል። 4 ኪሎ የሚመዝነውን ዱባ 36 ኪሎ ከሚመዝነው ጋር ያዳቀለ ሰው የሁለቱን አማካይ 20 ኪሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ ወደ 12 ኪሎ የሚጠጋ ቢያገኝ ግን ሊደነቅ አይገባውም። ወላጆቹ እጅግ ከተራራቁ በሁለተኛው ትውልድ የሚታየው መበታተንም እንደዚያው ይበዛል። ስለሆነም ለገበሬ ማሳ ግዙፉን ከትንሹ ሳይሆን መካከለኛውን ከደህና ትልቅ ጋር ማዳቀል ይሻላል።

ከወንዴው አበባ ተነሥቶ የአባቱን ፍሬ ማወቅ ስለማይቻል፣ አባት በሆነው ተክል ላይም ቢያንስ ሁለት ፍሬ ይቀመጥ። አባትም እንደ እናት በፍሬው ይመዘናል።

አስቀድሞ ማዳቀል፣ በኋላ መምረጥ

ዱባ በዓመቱ የሚያልቅ ተክል በመሆኑ አንድ ችግር አለ። ጣዕሙና ቆይታው ታውቆ ሲያበቃ ተክሉ ደርቋል፤ አበባም የለውም። መፍትሔው በርካታ ተክሎችን በአበባ ጊዜ አዳቅሎ፣ ፍሬው ከተመዘነ በኋላ ጥቂቱን ማስቀረት ነው። ለምሳሌ በጤንነታቸው የተመረጡ 6 እናቶች ከ3 አባቶች ጋር ይዳቀሉ። የተዳቀለው ፍሬ ሥጋ የእናቲቱ ስለሆነ ጣዕሙ የእሷን ጠባይ በትክክል ያሳያል። መጨረሻ ላይ እናቱም አባቱም ፈተናውን ያለፉለት ዘር ብቻ ይቀመጣል፤ የቀረው ተቆልቶ ይበላል።

የማዳቀል ሥራ

1. በሐምሌና በነሐሴ አመሻሽ ላይ በማግስቱ የሚፈነዱ አበቦች ይመረጡ። እነዚህ ጫፋቸው ብጫ መሆን የጀመረ፣ ገና ያልተከፈቱ ናቸው። ንብ እንዳይገባ የሴቴዋም የወንዴዎቹም ጫፍ በክር ላላ ተደርጎ ይታሰር።

2. በዚህ ወቅት ዝናብ ስለሚበዛ የታሰሩት አበቦች በሰፊ ቅጠል ወይም በኩባያ ይከለሉ። ውሃ የነካው ብናኝ ይፈነዳል፤ ከጥቅምም ውጭ ይሆናል።

3. በማግስቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከአባት ተክል ሁለት ወይም ሦስት ወንዴ አበቦች ይቆረጡ። የአበባ ቅጠላቸው ተልጦ መካከለኛው ዘንግ ብቻ ይቅር። ብጫው ብናኝ ጣት ላይ ሲጣበቅ መታየት አለበት።

4. የሴቴዋ ክር ተፈትቶ በመካከሏ ያሉት ተቀባይ ጫፎች በሙሉ በብናኙ በእርጋታ ይታበሱ። አንዱ ጎን ከተዘነጋ ፍሬው ሊጣመም፣ ዘሩም ሊያንስ ይችላል።

5. አበባዋ ወዲያውኑ ተመልሳ ትታሰር። በፍሬው ዘንግ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ በደብተር ላይም የእናቲቱ ቁጥር አስቀድሞ፣ የአባቱ ቁጥር ቀጥሎ፣ ከነቀኑ ይጻፍ። ማንበብ የሚችሉ ልጆች በዚህ ሥራ ሊረዱ ይችላሉ።

6. በሳምንት ውስጥ እምቡጧ ካደገች ተሳክቷል፤ ከበጫች ትረግፋለች፤ በሌላ አበባ ላይ እንደገና ይሞከር። ከተሳካ በኋላ በዚያው ሐረግ ላይ የሚወጡ ሌሎች ፍሬዎች ቢቀነሱ ዘሩ በደንብ ይሞላል።

በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መድኃኒት ጧት ጧት መርጨት ንቦችን ስለሚፈጅ መደረግ የለበትም።

ዘሩን ስለ ማውጣትና ስለ ቀጣዮቹ ዓመታት

የተዳቀለው ፍሬ ቅርፊቱ ጥፍር የማይበሳው እስኪሆንና ዘንጉ እስኪደርቅ ድረስ በሐረጉ ላይ ይቆይ። ከተቆረጠም በኋላ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቀመጥ፤ በዚህ ጊዜ ዘሩ በውስጡ መሙላቱን ይቀጥላል። ከዚያ ዘሩ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ በጥላ ሥር በወንፊት ወይም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የዱባ ዘር ለአራት ዓመት ያህል የመብቀል ኃይሉን ይጠብቃል።

በሁለተኛው ዓመት የሚበቅለው የመጀመሪያው ትውልድ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይና ብርቱ ነው። ይህን አይቶ ሥራው አለቀ ማለት አይገባም። ከእርሱ የተወሰደ ዘር በሦስተኛው ዓመት ሲተከል የአያቶቹ ጠባይ ሁሉ ተበታትኖ ይወጣል። እውነተኛው ምርጫ የሚደረገው በዚህ ጊዜ ነው። ከ30 እስከ 40 ተክሎች ተተክለው ከላይ በተገለጹት መመዘኛዎች ከ5 እስከ 8 የሚሆኑት ይመረጡ፤ እርስ በርሳቸውም በእጅ ይዳቀሉ። ይህ በየዓመቱ ቢደገም በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት ጠባዩ የረጋ ዘር ማግኘት ይቻላል። ከአንድ ተክል ብቻ ዘር መያዝ ግን ዘሩን እያደከመው ስለሚሄድ አይመከርም።

የቀድሞውን ዘር ስለ መጠበቅ

ማዳቀል የሚጀምር ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የቀድሞውን ዘሩን ማስቀመጥ ይኖርበታል። አዲስ ዘር ከውጭ ሲመጣ ከነባሩ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ይተከል። ይህ የማይቻል ከሆነ ለዘር የሚሆኑት የነባሩ ዱባ አበቦች ከላይ በተገለጸው መንገድ ታስረው ከራሳቸው ወገን ጋር ብቻ ይዳቀሉ። ለመብል የሚሆኑትን ንብ እንደፈለገች ብታዳቅላቸው ጉዳት የለውም። በተጨማሪም በየዓመቱ ከሚወሰደው ዘር እፍኝ ያህሉ ሳይተከል ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ ያቋቋመችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን የየጓሮውን ዱባ ሁሉ ከየቤቱ በተሻለ የሚጠብቅ ባንክ የለም።

ከላይ ታሪካቸውን የጠቀስናቸው እናት ይህን ያደርጉ ነበር። ዘሩ መደበላለቁ በታወቀ ጊዜ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጢስ የጠገበ አንድ ቅል አወረዱ። በውስጡ ትልቁ ዱባ ወደ ጓሮው ከመምጣቱ በፊት የተቀመጠ ሁለት እፍኝ ዘር ነበረ። ከተተከለው ውስጥ ከግማሽ በላይ በቀለ። እኛም በዚያ ዓመት አበባውን ስናስር ስንፈታ ከረምን፤ ዱባውም በመኸር ጊዜ እንደ ቀድሞው ሆኖ ተገኘ። ልጃቸው ዛሬ የሚያዳቅለው ከዚያ ዘር ነው። አባቱን መርጦ፣ በደብተር ጽፎ፣ መጀመሪያም አስቀምሶ ነው የሚያዳቅለው።

ማጠቃለያ

— ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ተክሉንና የበቀለበትን ቦታ ይመልከቱ።
— አባቱ ያልታወቀ ዘር ግማሽ ዘር ነው፤ አበባውን አስረው በእጅ ያዳቅሉ።
— የእናትና የአባት ዘንግ ተመሳሳይ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።
— ትልቅነት አንድ ጠባይ ብቻ ነው፤ ደረቅነት፣ ጣዕምና ቆይታም ይመዘኑ።
— የሚያበስሉት እናቶች ሳይቀምሱ ዘር አይመረጥ።
— አዲሱን ከመሞከር በፊት የነባሩን ዘር በቅል ያስቀምጡ።